ካላገኘኸው ያንተ ይሁን

ባሕር በዐይኔ አይቼ አላውቅም። በወረቀት ግን አውቀዋለሁ።

የምሠራው መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ባለች ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ መታወቂያና ሰርተፍኬት ላሚኔት አደርጋለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ጊዜ ከተማችን ምን ላይ እንደነበረች የኖረባት ያውቃል፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ በዚያው ቀረ፣ እኔም ከማሽኑ ጋር ቀረሁ። ሰው ኮፒ ሲያስደርግ ብዙ ጊዜ ዋናውን ማሽኑ ውስጥ ረስቶ ይሄዳል። መብራትና ኢንተርኔት በተመለሱ ሰሞን፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንዱ የረሳው ወረቀት በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ስላለ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ የሚያወራ ነበር። ውሃ ውስጥ የበቀለ የድንጋይ አበባ የመሰለ ኮራል፣ አንገቷን ያሰገገች ኤሊ፣ ቢጫ በቢጫ የሆነ የዓሣ መንጋ። ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አንድ ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አልመጣም። የኔ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዕቅድ አወጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከመቐለ በአብዓላ አድርጎ ሰመራ ማደር። በሁለተኛው ድንበሩን ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ መግባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወደቡ በጀልባ ወደ ፓርኩ። አራተኛው ቀን ምንም የማልሠራበት ነው፤ አሸዋ ላይ እቀመጣለሁ። አምስተኛው መመለሻ። ኮራሉ በደንብ የሚታየው ባሕሩ ሲጎድል ነው ስለሚል የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት የያዘ ሰንጠረዥም ከኢንተርኔት አውርጄ ከሥሩ አትሜአለሁ። ባሕር በቀን ሁለቴ እንደሚሞላ፣ ሁለቴ እንደሚጎድል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንደሚገፋ የተማርኩት ከዚያ ነው።

መሄድ? መሄዱንስ አስቤው አላውቅም። ፓስፖርት የለኝም፣ ዋና አልችልም፣ ከዓዲግራት ወዲያ ረግጬ አላውቅም። ዕቅዱ ይበቃኛል። ሌላው ሰው ከሥራ ሲገባ ፊልም ያያል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጀልባው የሚነሳበትን ሰዓት አነባለሁ።

የምኖረው እንዳ ኢየሱስ አቀበት ላይ፣ ኣደይ ኣልጋነሽ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳዋ የአካባቢው ነጭ ድንጋይ ነው፤ ልብ ብሎ ላየው ድንጋዩ ውስጥ የዛጎል ቅርጽ አለ። ኣደይ ኣልጋነሽ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔ ኣደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። አንድ ልጅ ነበራቸው ልበል፣ አላቸው ልበል፣ ጎይቶም የሚባል። ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከባሕሩ ዳር ደወለ፤ "ዛሬ ጀልባ ላይ እንወጣለን" አለ፤ በቃ። ሞተ ያለ የለም፣ ደረሰ ያለም የለም። መርዶ ለመንገር እንኳ አንድ ያየ እማኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኣደይ ኣልጋነሽ ሐዘን አልተቀመጡም። ስልካቸው ላይ መልእክት በገባ ቁጥር እንዳነብላቸው ይዘውት ወደኔ ይመጣሉ።

የገና በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ይዘው ገቡ።

"ከሱ ነው?"

"ከቴሌ ነው፣ ኣደይ። ጥቅል ግዙ ነው የሚለው።"

"ቴሌስ ከኔ ሌላ ወዳጅ የለው።" ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያ ዐይናቸው ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ዕቅድና የባሕር ሥዕል ላይ ዐረፈ። "ይሄ ሰማያዊው ምንድነው፣ ወደይ?"

"ዕቅድ ነው። የጉዞ። ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ፓርክ ነው፤ ዓሣ የሚታይበት።"

"የማን ጉዞ?"

"የኔ።"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ያንተ? እስከ ሮማናት መውረድ የሚሰለችህ ልጅ! አንተ'ኮ እሑድ እሑድ በርህን እንኳ የምትከፍተው ለድመቷ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ሳቁ የሆነ ቦታ ወጋኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እኩዮቼ ወይ ሄደዋል ወይ አግብተዋል ወይ አፈር ውስጥ ናቸው። ሳላስበው፣ "ትኬት ቆርጫለሁ" አልኩ። "ጥር ዐሥራ ስምንት፣ ሰኞ።"

ሳቃቸውን አቆሙ። ቀረብ ብለው ጣታቸውን ሰማያዊው ላይ አኖሩ።

"ይሄ የጅቡቲ ውሃ ነው?"

"አዎ።"

"ጎይቶም የሄደበት?"

"እሱ የሄደው በላይ በኩል ነው፣ ኣደይ። ፓርኩ ሌላ ቦታ ነው።"

"ባሕሩስ? ባሕሩም ሌላ ነው?"

"ባሕሩማ አንድ ነው።"

"እንግዲያው" አሉና ወጡ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ነጭ አቡጀዲ ከረጢት ይዘው መጡ። አፉ በመርፌ ተሰፍቷል። ሲጨብጡት የሚልመው ጥሕኒ ነው፤ የገብስ በሶ፣ መንገደኛ የሚሰንቀው። በአንድ ሰው እጅ፣ ምናልባት በቄሱ፣ "ጎይቶም" ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል።

"በእጁ ስጠው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ፣ ይበሉበታል።"

ያኔ ውሸቴን ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበረ። ግን የሰፉበት ክር ጥብቅ ጥብቅ ብሎ፣ አንዱ ጥልፍ ከሌላው ሳይበላለጥ ሳየው ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

"እሺ፣ ኣደይ። አደርሳለሁ" አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ረሒማ በር ላይ ያዘችኝ። ረሒማ የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ፤ ከኔ ቀጥላ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሟ አብዱልወዱድ ከጎይቶም ጋር በአንድ መኪና ነበር የወጣው።

"አንተ ድምፅ የለሽ! ሳትናገር ልትሄድ ኖሯል?"

"ማን ነገረሽ?"

"ኣደይ ናቸዋ፤ ካንተማ ወሬ አይወጣ! እንካ።" ጥቁር ፌስታል እጄ ላይ ጣለችብኝ። ውስጡ አዲስ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። "በመጨረሻ የላከው ድምፅ ላይ 'ጫማችንን አስወልቀውናል፣ ጀልባ ላይ አይፈቀድም ብለዋል' ብሎኛል። እስከዛሬ በባዶ እግሩ ነው። ወላሂ እሱ ደግሞ ብርድ አይችልም።"

"ረሒማ፣ እኔ'ኮ ዓሣ ለማየት ነው የምሄደው።"

"እያየህ ስጠዋ! ዓሣው ይቆጣሃል?"

ሳቅኩ። "እሺ፣ አደርሳለሁ" አልኳት።

ሦስተኛው ሰው ረቡዕ ዕለት ሱቅ ድረስ መጡ። ረጅም፣ የዘበኛ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ዘርኡ እባላለሁ፣ ቃላሚኖ አካባቢ ግቢ እጠብቃለሁ አሉኝ። ከረሒማ ሹራብ ሲገዙ ነው የሰሙት።

"ወደ ባሕሩ የምትሄደው አንተ ነህ?"

ኣያ ኣስመላሽ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ከኋላ አንገቱን ብቅ አደረገ። አዎ ማለት ነበረብኝ፤ አዎ አልኩ። ከካፖርታቸው ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ለልጄ ለትምኒት ነው፤ እሷም በዚያው ባሕር ነው የሄደችው። ላስቲክ አልብስልኝ።"

"ላሚኔት?"

"እሱን። ውሃ እንዳያበላሸው።"

ላለማንበብ ጽሑፉን ወደ ታች ደፍቼ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሐኪም ፊት እንደቆመ ሰው ቆመው ነበር።

"አሁን አይረጥብም?"

"አይረጥብም፣ ኣቦይ ዘርኡ።"

"ጎሽ። ትምህርት ትወድ ነበር፤ ታነበዋለች።" ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደነገጥኩ። "አደርሳለሁ፣ አደርሳለሁ" እያልኩ አነሳኋቸው።

ሲወጡ ኣያ ኣስመላሽ፣ "ኣታ፣ ፖስታ ቤት ከፈትክ እንዴ? ፈቃድ አለህ?" አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ደብዳቤውን፣ ጫማውንና ከረጢቱን አልጋዬ ሥር ካለው ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ጥር ዐሥራ ስምንት ሲመጣ ታመምኩ እላለሁ፣ ወይም መንገዱ ተዘጋ እላለሁ፤ ይረሱታል፤ እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

በከተራ ዕለት፣ እሑድ፣ ግቢው ባዶ ሆነ። ኣደይ ኣልጋነሽ ታቦት ሊሸኙ ወረዱ። እኔ እንደ ልማዴ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከታች ከበሮው ይሰማል። እግሬን ወደ ጫማዬ ስሰድ ረጠብኩ።

ወለሉ ላይ ስስ ውሃ ነበረ። ከበሩ አይደለም የመጣው፤ ከጓሮው ግድግዳ ሥር፣ ዛጎል ካለበት ድንጋይ መካከል እያዘገመ ይወጣል። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት አልፎ ይመጣል። ሰው ቤት ውስጥ መንገድ ጠፍቶት በእግሩ የሚዳስስ ይመስላል። በራችን ላይ ያለችው ቧንቧ ውሃ ካየች ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ሰፈሩ በጀሪካን ነው የሚኖረው።

"ዓንዶ!" የረሒማ ድምፅ ነው። የኔ ስም ዓንደብርሃን ነው፤ እሷ ያሳጥረዋለች። "ከበርህ ሥር ውሃ እየወጣ ነው! ቧንቧ አንተ ቤት ብቻ መጣ እንዴ? ለብቻህ ልትጨርሰው!" ቢጫ ጀሪካኗንና የውሃ መቅጃ ጣሳ ይዛ በሩን ገፍታ ገባች፤ ሳታመነታ ከወለሉ ላይ በጣሳው ጨለፈች፣ ንጹሕ መሆኑን ለማየት ወደ አፏ አስጠጋች። ተፋችው።

"ጨው ነው" አለች።

ከበሮው ይመታል። ውሃው የአልጋዬን እግር አልፎ ሣጥኑ ድረስ ሄደ፤ ሦስቱ ዕቃዎች ያሉበትን ነካ፤ ከዚያ እንዳመጣጡ ወደ ድንጋዩ መሸሽ ጀመረ። ወለሉ ላይ ነጭ መስመር ትቶ ሄደ።

ረሒማ ከወጣች በኋላ ሰንጠረዡን ከግድግዳው ነቅዬ አየሁት። ጥር ዐሥር፣ ሙላት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይላል።

በማግስቱ ጥምቀት ነበረ፤ ኣደይ ኣልጋነሽ ማለዳ ፊታቸው በርቶ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ አልያዙም።

"ጎይቶምን አየሁት። በሕልሜ" አሉኝ። "ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሟል። ብቻውን አይደለም፤ ብዙ ናቸው፣ እንደ ሰልፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ከሳ እንጂ ደኅና ነው። ስለ አንተ ጠየቀኝ።"

"ስለ እኔ?"

"በስምህ። 'ዓንደብርሃን ዋና ይችላል ወይ?' አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ትችላለህ?"

ከአፌ የወጣው፣ "ሌሎቹስ ምን አሉ?" የሚል ነበር።

"ሌሎቹ ወደኔ አያዩም። ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት።"

ከሰዓት በኋላ ረሒማም ነገረችኝ። እሷ ያየችው አብዱልወዱድን ነው፤ እሱም በዚያው ሰልፍ ውስጥ። "'ሰኞ ይነሳል እንጂ ሰኞ አይደርስም፤ ጀልባው ረቡዕ አንድ ሰዓት ላይ ነው' አለኝ። እንዲህ ነው እንዴ?" አለችኝ። ረሒማ ማንበብ ብትችልም ዕቅዴን ቀርባ አይታው አታውቅም። ጀልባው በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት እንደሚነሳ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ውሃው በየቀኑ መጣ። ሰንጠረዡ ባለው ሰዓት፣ አንዳንዴ እኔ ሱቅ ሳለሁ፣ አንዳንዴ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ነጩ መስመር በየቀኑ አንድ ጣት ሁለት ጣት ከፍ ይላል። ማክሰኞ ቁርጭምጭሚት፣ ሐሙስ ባት። ሦስቱን ዕቃዎች ከሣጥኑ ወደ አልጋዬ፣ ከአልጋዬ ወደ መደርደሪያ አወጣኋቸው። ከረጢቱ ሳይነካው ረጠበ፤ ጥሕኒው ግን አልተላቆጠም። ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ትቼው መጣሁ፤ ያን ቀን በሙላቱ ሰዓት የሱቁ ወለል ረጠበ። ስመለስ ኣያ ኣስመላሽ መጥረጊያ ይዞ የኮፒ ማሽኑን ገመድ ከውሃው እያሸሸ፣ እየተሳደበ አገኘሁት።

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። ኣያ ኣስመላሽ ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበር። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ማሽኑን አጠፋና ወንበር ሳበ።

"ሲሰጡህ ምን አልክ?"

"አደርሳለሁ።"

"እንዲሁ? 'ካገኘሁት' ሳትል?"

"አላልኩም።"

"እነሱስ? 'ካላገኘኸው ያንተ ይሁን' አሉህ?"

ሦስቱንም በየተራ አስታወስኩ። "ማንም አላለም።"

"ኣታ ዓሻ!" አለኝ፤ ሞኝ ማለቱ ነው። "እናት አላሳደገችህም? እኛ አሰብ ስንመላለስ የአንዲት ሳሙና አደራ እንኳ እንዲህ አይያዝም ነበር። መንገደኛ 'ካገኘሁት አደርሳለሁ' ይላል። ሰጪ 'ካላገኘኸው ያንተ ይሁን' ይላል። በዚህ አደራው ይፈታል፤ መንገድ ቢዘጋ፣ ሰውየው ቢሞት፣ አንተ ነፃ ነህ። ሳይባል ከቀረ ግን ታስሯል። መመለስ የለም፣ መጣል የለም። ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ይከተልሃል።"

"ባለቤቱ ባይኖርስ?"

"ያለበት ድረስ ነዋ።" ወደ ረጠበው ወለል አየ። "ሂድና ቃሏን አስብላቸው። ከሰኞ በፊት።"

ያቺን አጭር ቃል ማስባል ቀላል ይመስላል። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም የማይነግራቸውን መርዶ በገዛ አፋቸው ለራሳቸው እንዲናገሩ ነው የምጠይቃቸው።

ቅዳሜ መጀመሪያ ቃላሚኖ ወጣሁ። ኣቦይ ዘርኡን በየግቢው በር ጠየቅኩ። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ዘበኛ፣ "ሽማግሌው? ሥራ ለቅቀው ወደ ገጠር ሄዱ። 'ደብዳቤዬ ተልኳል፣ ከእንግዲህ እዚህ የምጠብቀው የለም' ብለው። ሀገራቸውን ማን ያውቃል!" አለኝ። እዚያው አጥሩ ሥር ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ረሒማ ዘንድ ገበያ ሄድኩ። ሱሪ እያጣጠፈች ነበር።

"አንድ ነገር በይኝ። 'ካላገኘኸው ያንተ ይሁን' በይኝ።"

"ምነው? ጫማው ዐይንህ ውስጥ ገባ?" ስቃ ቀና አለች። ፊቴን ስታየው ሳቋ ቀስ እያለ ወረደ። "አንተ… ወንድሜን ግደይው ነው የምትለኝ?"

"ውሃውን አይተሻል፣ ረሒማ። ጨው መሆኑን ቀምሰሻል።"

"ቀምሻለሁ! ለዚህም ነው የማልለው።" ሱሪውን እንደ መጋረጃ በመካከላችን ያዘችው። "ስማ። እዚህ ድረስ መጥቶ የሚጠራህ ካለ፣ እዚያ የሚጠራ ሰው አለ ማለት ነው። ላንተ መዓት ሊሆን ይችላል፤ ለኔ የምሥራች ነው። ጫማውን ይዘህ ትሄዳለህ። አለቀ!"

አጠገቧ ያሉት ነጋዴዎች ዞረው አዩን። "ምን ገዝቶ ሊመልስ ነው?" አለች አንዷ። "ሰው" አለች ረሒማ፤ ሱሪውን ማጣጠፍ ቀጠለች።

የቀሩኝ ኣደይ ኣልጋነሽ ብቻ ነበሩ። ዛሬ፣ እሑድ ማለዳ፣ ሄድኩባቸው። በሰንጠረዡ ሙላቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ትናንት ከጉልበቴ አልፎ ነበር፤ ሱሪዬ እስከ ጭኑ ድረስ ጨው ነጥቶበታል። እሳቸው እግራቸውን አሟቸው ቅዳሴ አልሄዱም፤ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጀሪካን በአሸዋ ያጥባሉ።

"ኣደይ፣ አንድ ቃል ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"የቱን ቃል እንደሆነ አውቀዋለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ረሒማ ትናንት ማታ እያለቀሰች ነገረችኝ።"

አሸዋው ጀሪካኑ ውስጥ ይንኳኳል።

"ያን ቀን ከረጢቱን ስሰጥህ 'ካገኘሁት' እንድትል ጠብቄ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ፤ 'ካለ'፣ 'ከተገኘ'፣ 'እግዜር ካለ'። አንተ ግን አደርሳለሁ አልከኝ። ደስ ስላለኝ የኔን ቃልም ዋጥኩት። ረስቼው አይደለም፣ ወደይ። ዐውቄ ነው።"

ጀሪካኑን አስቀመጡ። ዐይናቸው ሱሪዬ ላይ፣ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በነጣው ጨው ላይ ቆየ።

"እናትህ የት ናት?"

"ሞታለች፣ ኣደይ። ዐሥር ዓመት ሆናት።"

"ይሁን። እኔ በልጄ የሰው ልጅ አላስበላም።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ለመነሳት ሞከሩ፣ እግራቸው እምቢ አለ፤ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርጉት። አፋቸውን ከፈቱ።

በሕይወቴ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ በዚህ ከተማ የሚጎድለው እሱ አይደለም። ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ ወደ ሐዘን ሲገባ አላየሁም ነበር። ፊታቸው ከጆሯቸው በኩል ጀምሮ ወደ መሃል እየጠፋ መጣ፤ መብራት ከየክፍሉ እንደሚያጠፉበት ቤት።

"ካላገ…" አሉ።

"አገኘዋለሁ" አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ድምፄም የኔ አልመሰለኝም።

"ምን አልክ?"

"አገኘዋለሁ፣ ኣደይ። በእጁ ነው የምሰጠው። እንዳይሉት።"

ቀና ብለው አዩኝ። የፊታቸው መብራት አንድ በአንድ ተመለሰ። የማልረሳው ይህን ነው፤ ለኔ አዘኑልኝ፤ አልዋሽም፣ አዘኑ፤ ግን ከሐዘኑ ሥር ያለው ደስታ ይበልጥ ነበር፤ ሊደብቁትም አልቻሉም።

"ዋና አትችልም" አሉ በለሆሳስ።

"ጀልባው ትልቅ ነው።"

ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው እርጥብ ነበር፣ አሸዋ ነበረበት። "ያድርስህ" አሉኝ። "ያድርስህ፣ ወደይ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ እሱ ያለበት ያድርስህ።" ከዚያ የሚቀጥለውን፣ ለመንገደኛ ሁሉ የሚባለውን፣ በሰላም ይመልስህ የሚለውን ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን አነሱና ጀሪካኑን ማጠብ ቀጠሉ።

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ከጓሮው ግድግዳ ሥር ያለውን ድንጋይ እያየሁ ጠበቅኩ። ሁለት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ወለሉ ደረቅ ነው። የትናንቱ ነጭ መስመር እንኳ በእጄ ስዳስሰው እንደ አቧራ ረገፈ።

አሁን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ ይህን የምጽፈው እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ቦርሳዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ከላይ ጫማው፣ ከመሃል ደብዳቤው፣ ከሥር ከረጢቱ። ከረጢቱ ደርቋል። ረሒማ መጥታ ከበሩ ላይ ሆና ወለሉን አየች፣ ከዚያ ቦርሳውን አየች፤ ዳቦ በፌስታል አስቀምጣልኝ ሄደች። የሰመራ አውቶቡስ ነገ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል።

ውሃው አልመጣም። ሰንጠረዡን ደግሜ አየሁት፤ ሰዓቱን አልተሳሳትኩም። በራሱ እግር የሚሄድን ሰው ቤቱ ድረስ ማን ሊጠራው ይመጣል።